ሪቪው፦ የሚቆራረጥ ማውስና ሄድፎን ያዳነልኝ ተራ የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ኬብል

ዛሬ ሪቪው የማደርገው የ1 ሜትር ዩኤስቢ 2.0 ኤክስቴንሽን ኬብል ነው፣ አንዱ ጫፍ ወንድ አንዱ ጫፍ ሴት የሆነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ከፍላሽና ከቻርጀር ጋር ተንጠልጥሎ የሚሸጠው። አብሬው ስለገዛሁት የብሉቱዝ ዶንግልም (ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ ለኮምፒውተሩ ብሉቱዝ የሚሰጥ ትንሽ እቃ) እጽፋለሁ ግን ዋናው ኬብሉ ነው ምክንያቱም ችግሩን የፈታው እሱ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ዋየርለስ ማውስ፣ ኪቦርድ ወይ የብሉቱዝ ሄድፎን የምትጠቀሙ ሰዎች ማውሱ በመሀል ቀጥ የሚልባችሁ ከሆነ፣ ኪቦርዱ ፊደል የሚውጥባችሁ ከሆነ፣ ዘፈኑ እየተቆራረጠ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሌላ ማውስ ለመግዛት ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

የኔ ሁኔታ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ አብዛኛው ሰርግና ምርቃት ነው፣ የምሰራበት ማሽን ከውጭ የገባ ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፣ ያ ዙሪያውን ብረት የሆነው ከባዱ አይነት፣ ራምና ኤስኤስዲ ጨምሬበት አሪፍ ይሰራል። ሲፒዩው ጠረጴዛ ስር ነው የተቀመጠው፣ የማውሱና የኪቦርዱ ሪሲቨር (ሲግናላቸውን የሚቀበለው ትንሽዬ ዩኤስቢ) ከኋላ ተሰክቷል፣ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩ ደግሞ እዛው ጎኑ ባለው ሰማያዊ የዩኤስቢ 3.0 ፖርት ላይ ነው። ካሜራማኑ ሜሞሪ ካርዶቹን ሲያመጣልኝ ወደ ሀርድ ዲስኩ መገልበጥ እጀምራለሁ፣ ልክ መገልበጡ ሲጀምር ማውሱ ይንቀራፈፋል፣ ከርሰሩ ቆም ይልና በአንዴ ስክሪኑ ሌላ ጫፍ ላይ ይገኛል፣ ኪቦርዱ ላይ አንዴ የነካሁት ፊደል ደጋግሞ ይጻፋል ወይ ጭራሽ አይጻፍም፣ መገልበጡ ሲያልቅ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ቪዲዮውን ከሙዚቃው ምት ጋር ፍሬም በፍሬም ስታገጣጥሙ ማውስ እንዲህ ሲያደርግ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ስራው ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ የሙሽሮቹ ቤተሰብ ደግሞ ቪዲዮው አልደረሰም ወይ እያለ ይደውላል።

ይሄን ይዤ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ "ወንድሜ ማውሱ አርጅቷል፣ ይሄን ውሰድ ኦሪጅናል ነው" ነው የተባልኩት፣ መቼ ነው የሚቆራረጠው፣ አጠገቡ ምን ተሰክቷል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያሳስበኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ምክር ጤነኛ ማውስ ይጥላል። ከጓደኛዬ ሌላ ማውስ ተውሼ እዛው ፖርት ላይ ስሰካው ያው ነው፣ እሱም መገልበጥ ሲጀመር ይሞታል። እኔ ጋር ሲሞት የነበረው ማውስ ደግሞ የሱ ላፕቶፕ ላይ እንደ አዲስ ይሰራል። ስለዚ ማውሱ አይደለም፣ ቦታው ነው።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳ፣ እዚህ ጋር ትንሽ ታገሱኝ ምክንያቱም ይሄ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ብሉቱዝም ሆነ በራሱ ትንሽዬ ሪሲቨር የሚሰራው ዋየርለስ ማውስ ሁለቱም የሚሰሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ ነው፣ የድሮው ዋይፋይም እዛው ነው፣ ማይክሮዌቭም እዛው ነው። ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ዳታውን የሚያስተላልፈው በሰከንድ 5 ጊጋቢት ነው፣ አንድና ዜሮ እየተፈራረቁ ሲሄዱ አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ ሁለት ቢት ስለሚፈጅ ሲግናሉ 2.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያርፋል ማለት ነው፣ ከማውሳችሁ ባንድ አጠገብ ማለት ነው። በዛ ላይ ዳታው ሲላክ ሆን ተብሎ ስለሚደባለቅ ኖይዙ፣ ማለትም ሲግናል የሚረብሸው ጫጫታ፣ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፣ በሰፊው ይበተናል። ይሄ ኖይዝ ከፖርቱም፣ ከኬብሉም፣ ከሀርድ ዲስኩ ከራሱም ይወጣል፣ በተለይ የኬብሉ ሽፋን ርካሽ ከሆነ። ይሄ ደግሞ የሰፈር ወሬ አይደለም፣ ኢንቴል ራሱ በ2012 ባወጣው ዶክመንት ላይ ዩኤስቢ 3.0 ሀርድ ዲስክ ሲሰካ በዚህ ባንድ ላይ ያለው ኖይዝ ወደ 20 ዴሲቤል ከፍ እንደሚል ለክቶ አሳይቷል። 20 ዴሲቤል ማለት በኃይል 100 እጥፍ ማለት ነው። እና ሪሲቨራችሁ ከዛ ሀርድ ዲስክ በጣት ስፋት ርቀት ላይ ተሰክቶ ከኋላ፣ ብረት ጀርባ፣ ጠረጴዛ ስር ሆኖ የማውሱን ደካማ ሲግናል እንዲሰማ ነው የምንጠብቀው።

ግን ብሉቱዝ ረብሻ ሲያጋጥመው ቻናል ይቀይራል አይደል የሚባለው ትሉ ይሆናል። ልክ ነው ይቀይራል። ተራው ብሉቱዝ ባንዱን 79 ቻናል ላይ ከፋፍሎ በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፣ ከብሉቱዝ 1.2 ጀምሮ ማለትም ከ2003 ወዲህ ደግሞ የተበላሹትን ቻናሎች እየለየ መዝለልን ችሏል። ለዚህ ነው ከዋይፋይ ጋር እንደምንም ተቻችሎ የሚኖረው፣ አንድ ዋይፋይ ቻናል 20 ሜጋኸርዝ ያህል ነው የሚይዘው፣ የቀረው ባዶ ነው፣ ብሉቱዙ ወደዛ ይሸሻል። የዩኤስቢ 3.0 ኖይዝ ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናቡ ሲወርድ እንዳለው ድምጽ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ የትኛውም ጥግ ብትሄዱ አትሰማሙም። ሁሉም ቻናል ላይ ስላለ የሚሸሽበት የለውም። ብሉቱዝ 5 የሚል አዲስ ዶንግል መግዛት ብቻውን ይሄን ችግር የማይፈታውም በዚህ ምክንያት ነው፣ አዲሱም ዶንግል እዛው ኖይዝ ውስጥ ከተሰካ የሚሰማው ያንኑ ነው።

የናንተ ችግር ይሄ መሆኑን ሳትገዙ ማወቅ ትችላላችሁ። ትልቅ ፋይል ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ መገልበጥ ጀምሩና ማውሱን እዩት፣ ከዛ ሀርድ ዲስኩን ንቀሉና ጥቁር ወይ ነጭ የሆነው የ2.0 ፖርት ላይ ሰክታችሁ ያንኑ ፋይል እንደገና ገልብጡ። በጣም ይዘገያል፣ ቅር አይበላችሁ፣ 2.0 እስከ 480 ሜጋቢት ብቻ ስለሆነ ነው፣ ግን ማውሱ ሰላም ከሆነ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ካርድ ሪደርም፣ ኤክስተርናል ኤስኤስዲም፣ ባለ 3.0 ፍላሽም፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሀብም እንደዛው ያደርጋል። ፊት ለፊት ያሉት ሰማያዊ ፖርቶች ላይም ሀርድ ዲስኩንና ሪሲቨሩን ጎን ለጎን ከሰካችሁ ልዩነት የለውም።

እሺ ወደ ኬብሉ። ያደረኩት ነገር ቢኖር ኬብሉን ከኋላ ባለ የ2.0 ፖርት ላይ ሰክቼ ሴቷን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስክሪኑ እግር አጠገብ አምጥቼ ሪሲቨሩን እዛ ላይ መሰካት ነው። በቃ። መገልበጡ እየሄደ ማውሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል፣ ኪቦርዱም እንደዛው። ሀርድ ዲስኩን ከ3.0 ፖርቱ አልነቀልኩትም፣ ፍጥነቱንም አላጣሁም። ሁለት ነገር ነው በአንዴ የተቀየረው፣ አንደኛ ሪሲቨሩ ከኖይዙ ራቀ፣ ሁለተኛ በሱና በማውሱ መሀል ብረት የለም፣ የኔ እግርም የለም፣ የሰው ሰውነት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ 2.4 ጊጋኸርዝን በደንብ ይውጣል፣ ጠረጴዛ ስር ያለ ሲፒዩ ጀርባ የተሰካ ሪሲቨር ብረቱንም ጉልበታችሁንም አልፎ ነው መስማት ያለበት። አንዳንድ ማውስና ኪቦርድ አምራቾች እቃው ካርቶን ውስጥ አጭር ማራዘሚያ ጨምረው የሚልኩት ለዚህ ነው፣ ብዙ ቤት ግን ካርቶኑ ውስጥ ሳይፈታ ቀርቷል፣ መጀመሪያ እዛ ፈልጉ።

ርዝመቱን በተመለከተ 1 ሜትር ለአብዛኛው ጠረጴዛ ይበቃል፣ 1.5 ካገኛችሁም ጥሩ ነው። 3 ሜትርና 5 ሜትር አትግዙ፣ ጠረጴዛ ላይ ይጠቀለላል፣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ላይ ፓወሩ ይወርዳል። የ3.0 ኤክስቴንሽን ይሻላል ብለው ሊሸጡላችሁ ይችላሉ፣ አያስፈልግም፣ የብሉቱዝ ዶንግልም የማውስ ሪሲቨርም የሚያልፈው ዳታ በጣም ትንሽ ስለሆነ 2.0 ከበቂ በላይ ነው፣ ዋጋውም ይለያል። ይሄንኑ ኬብል ለሀርድ ዲስክ ማራዘሚያ አታድርጉት፣ ያኛው ብዙ ፓወር ይፈልጋል፣ በመሀል ከተቋረጠ ደግሞ የሰው ሰርግ ነው የሚጠፋው።

የማልወድለት ነገር ሴቷ ጫፍ ናት። የገዛሁት ላይ ትንሽ ላላ ትላለች፣ ሪሲቨሩን ነካ ሲያደርጉት ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ከስክሪኑ እግር ጋር በፕላስተር አሰርኩት። ሱቅ ውስጥ ስትገዙ የራሳችሁን ሪሲቨር ወይ አንድ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ ያዙት፣ በራሱ ክብደት ከተንጠለጠለ ሌላ አስወጡ። ወፈር ያለውን ምረጡ፣ በጣም ቀጭኑ ውስጡ መከላከያ ሽፋን የሌለው ሊሆን ይችላል። ዋጋው አንድ ደህና ዋየርለስ ማውስ ከሚጠይቀው ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ በጣም ያንሳል፣ ለዛም ነው ሻጮች መጀመሪያ የማያወጡላችሁ ብዬ የማስበው።

ዶንግሉ ደግሞ ቲፒ ሊንክ ዩቢ500 ነው፣ የጥፍር ያህል ትንሽ፣ ብሉቱዝ 5.0። ይሄን የገዛሁት ዩዝድ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ብሉቱዝ ስለሌላቸው ነው፣ ሄድፎኔን ለማገናኘት ፈልጌ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ስሰካው ኢንተርኔት ስለነበረ ድራይቨሩን ራሱ አወረደ፣ ሄድፎኑም ወዲያው ተገናኘ። ከኬብሉ ጋር ሆኖ ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ተነስቼ ስንቀሳቀስም ድምጹ አይቆረጥም። ያለ ኬብሉ ሲፒዩው ጀርባ ሲሰካ ግን ዞር ስል ይቆራረጣል፣ ይሄ የዶንግሉ ድክመት አይደለም፣ እንደዚህ ትንሽ የሆነ ነገር ውስጡ ያለው አንቴናም ትንሽ ነው፣ ብረት ጀርባ አስቀምጠነው ተአምር ልንጠብቅበት አይገባም።

ገበያው ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። ብሉቱዝ 5.0 ወይ 5.3 ተብሎ ላዩ ላይ የተጻፈበት ስም የለሽ ዶንግል ሞልቷል፣ ውስጡ ግን የድሮ 4.0 የሆነ አለ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ትከፍታላችሁ፣ ብሉቱዝ የሚለውን ዘርግታችሁ ዶንግሉን ራሱን ሁለቴ ትነካላችሁ፣ አድቫንስድ የሚለው ታብ ላይ ኤልኤምፒ ብሎ ቁጥር ይሰጣችኋል። 6 ካለ 4.0 ነው፣ 8 ካለ 4.2፣ 9 ካለ 5.0፣ 10 ካለ 5.1፣ 11 ካለ 5.2። ሱቁ ኮምፒውተር ካለው እዛው ፊታቸው ላይ ማየት ትችላላችሁ። ሌላ ደግሞ ማሽናችሁ ከመጀመሪያው የራሱ ብሉቱዝ ካለው ዶንግል ስትጨምሩ የድሮውን እዛው ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ዲሴብል አድርጉት፣ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ የሚያሰራው አንድ ብሉቱዝ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ከተጋጩ አንዴ ይገናኛል አንዴ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ ይሄንን ኢንተርፌረንስ (የሲግናል መረባበሽ) ነው ብሎ ይደክማል።

አዲስ ማዘርቦርድ ገዝታችሁ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሮት ያለ ከሆነ ደግሞ ዶንግልም ኬብልም ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላ ያሉትን ሁለት የቢጫ ብረት ቡሎኖች እዩ፣ አንቴና የሚታሰርባቸው ናቸው። ብዙ ሰው ዋይፋይ ስለማይጠቀም አንቴናውን ካርቶን ውስጥ ይተወዋል፣ ብሉቱዙ ግን በዛው አንቴና ነው የሚሰራው፣ ያለሱ ማውሱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እንኳን ይጠፋል። እሰሩት፣ ከብረቱም አርቁት። ለብቻው ተገዝቶ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የዋይፋይና ብሉቱዝ ካርድ (ፒሲአይ ካርድ) ከሆነ ከካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄድ ትንሽ የዩኤስቢ ኬብል አለው፣ እሱ ካልተሰካ ዋይፋዩ ይሰራል ብሉቱዙ ግን ጭራሽ አይታይም።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ዋይፋዩን አትርሱት። ስልካችሁ ላይ ዋይፋይ ስትከፍቱ የጎረቤቱ ሁሉ ስም ይደረደራል፣ ሁሉም 2.4 ላይ ከሆነ ለብሉቱዙ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ዴስክቶፑን ወደዛ ቀይሩት፣ ከተቻለ ደግሞ በኔትወርክ ገመድ አስሩት፣ ዴስክቶፕ ከቦታው አይነሳም አይደል። 2.4 ግድ ከሆነ ራውተሩ ሴቲንግ ላይ የቻናሉን ስፋት 40 ሳይሆን 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት፣ ቻናሉንም ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን። በተለይ ዋይፋይና ብሉቱዙ አንድ ካርድ ላይ ሆነው አንድ አንቴና የሚጋሩ ከሆነ 2.4 ላይ ትልቅ ነገር ስታወርዱ ሄድፎኑ መንተባተቡ አይቀርም፣ ተራ እየተጠባበቁ ነው የሚሰሩት።

ኢንተርፌረንስ ያልሆነ ግን ሰው ከዛ ጋር የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። ሄድፎኑ ዘፈን ሲያሰማ ቆንጆ ሆኖ ልክ ዙም ወይ ቴሌግራም ጥሪ ስትጀምሩ ድምጹ እንደ ድሮ ስልክ የሚሆነው፣ እሱ መቆራረጥ አይደለም። የሄድፎኑ ማይክ ሲበራ ብሉቱዙ በአብዛኛው ወደ ጥሪ ሞድ ይቀየርና ድምጹ ሞኖና ዝቅ ያለ ይሆናል። የትኛውም ኬብል አያስተካክለውም። መፍትሄው ማይኩን ሌላ ማድረግ ነው፣ የዌብካሙን ወይ በገመድ የሚሰካ ማይክ ትመርጡና ሄድፎኑን ለመስሚያ ብቻ ትተዉታላችሁ።

ሌላም የማውሱ ችግር ጥቂት ደቂቃ ሳትነኩት ቆይታችሁ ስትመለሱ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ኖይዝ ሳይሆን ፓወር ነው፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የዶንግሉን ፓወር ማኔጅመንት ከፍታችሁ ኮምፒውተሩ ዲቫይሱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱት። ባትሪም ቀይሩ፣ ሊያልቅ የደረሰ ባትሪ ልክ እንደ ኖይዝ ነው የሚያደርገው።

ነጥብ ልስጥ ካላችሁኝ ለኬብሉ ከ5 ውስጥ 4.5፣ ግማሿን የቀነስኩት በላላችው ጫፍ ነው፣ ለዩቢ500 ደግሞ 4፣ ከኬብሉ ጋር ከሆነ። ኬብሉ መርካቶም ፒያሳም የኮምፒውተር እቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል፣ ስትጠይቁ "ዩኤስቢ ኤክስቴንሽን፣ ወንድና ሴት፣ 2.0" በሉ፣ ዝም ብላችሁ ዩኤስቢ ኬብል ካላችሁ የፕሪንተር ወይ የቻርጀር ነው የሚያወጡላችሁ።